ነፋስ የሚጠበቅበት ዳርቻ

ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያጣራው የአውሮፕላን ዋጋ ነው። ቀጥሎ ሆቴል ይመርጣል፤ ከዚያም የሚታዩትን ቦታዎች በየቀኑ ይደለድላቸዋል። አንዱ ቀን ለሞምባሳ ምሽግ፣ ሌላው ለጌዲ ፍርስራሽ፣ ከዚያ ማሊንዲ፣ ከዚያ ላሙ፣ መሀል ላይ የተረፈች ግማሽ ቀን ካለች ደግሞ ለባሕሩ። በዚያ ወር ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ፣ ባሕሩ በስንት ሰዓት ሞልቶ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ መጠየቅ ግን ለብዙዎቻችን ትዝ አይለንም። በደጋ አገር ላደገ ሰው ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ የእኛን መንገድ ሲያደናቅፍ የኖረው ዝናብና ጭቃ ነው። እኔ ግን የዚህ ዳርቻ ዕቅድ መነሣት ያለበት ከነፋሱ ነው እላለሁ፤ ይህንም የምለው ለአየሩ ምቾት ብቻ አስቤ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካን የድንጋይ ከተሞች ያቆሟቸው ነፋስ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በመቆየት የተሠራን ከተማ በሩጫ ማየት ዋናውን ነገር ሳያዩ መመለስ ነው። ስለዚህ ለማረፍ የሚሄደውም ሆነ ታሪክ ለማየት የሚሄደው ሰው እዚያ የሚያስፈልጋቸው ዕቅድ አንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእስያ ምድር በታኅሣሥና በጥር ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል፤ የዳርቻው ሰዎች ካስካዚ ይሉታል። በሰኔና በሐምሌ ያው ምድር ሲግል ነፋሱ ፊቱን ያዞርና ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነጉዳል፤ እሱ ደግሞ ኩሲ ነው። የእኛ ክረምትና በጋ የሚፈራረቁበት የአየር ዝውውርም ከዚሁ ዓመታዊ መገላበጥ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዖማን፣ ከየመን፣ ከፋርስና ከጉጃራት የተነሡ ባለ ሸራ ጀልባዎች በካስካዚ ይወርዳሉ፤ ጨርቅ፣ ሸክላ፣ ዶቃና ቴምር ያራግፋሉ፤ የዝሆን ጥርስ፣ ለቤት ሥራ የሚሆን የማንግሮቭ እንጨት፣ አምበር፣ ሰውም ሳይቀር ይጭናሉ። ኩሲ እስኪነሣ ግን መመለሻ የላቸውም። በመካከል ያሉት ወራት ናቸው ከተማ የሆኑት። እንግዳው ቤት ይከራያል፣ ያገባል፣ ቋንቋ ይማራል፣ ገንዘብ ያበድራል፣ አብሮ ይሰግዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። ከተሞቹን የመሠረቷቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ዐረቦች ናቸው የሚለው የቆየ አባባል በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አልጸናም። ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ከድንጋዩ ቤቶች ሥር የተገኙት የቀደሙት ቤቶችም የአገሬው የጭቃና የእንጨት ቤቶች ናቸው። እንግዳን በየዓመቱ ለወራት ማስተናገድ የለመደ፣ ከዚያም ልማድ ሥልጣኔ ያበጀ የአገሬው ሕዝብ ነው የድንጋዩ ጌታ። ዛሬ በዖማን ወይም በኤምሬቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን የዚሁን ነፋስ ሌላ ጫፍ ያውቁታል፤ በዚያ በኩል ባሉት የቆዩ ወደቦች የታሰሩት ጀልባዎች መዳረሻቸው ይህ ዳርቻ ነበር።

ነፋሱን ያልጠበቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ የቫስኮ ዳ ጋማን ጉዞ መከተል ይበቃል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ፖርቱጋላዊው በሚያዝያ 1498 ሞምባሳ ደርሶ ከከተማዪቱ ሰዎች ጋር ተጋጨ። ጥቂት ወደ ሰሜን ተጉዞ ማሊንዲ ሲገባ ግን የሞምባሳ ተቀናቃኝ የነበረው ገዢ በደስታ ተቀበለው፤ የባሕሩን መንገድ የሚያውቅ መሪም ሰጠው። ኩሲ ከጀርባው ሆኖ ተነሣና ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሕንድ ገባ። ሲመለስ ግን ለመጠበቅ ትዕግሥት አላገኘም። ካስካዚ ሳይጸና በጥቅምት መጀመሪያ ተነሥቶ ያንኑ ባሕር ለማቋረጥ ሦስት ወር ያህል ፈጀበት። አትክልትና ፍራፍሬ ያጡት መርከበኞች ድዳቸው እያበጠ፣ ጉልበታቸው እየከዳ በየቀኑ ይሞቱ ነበር። በጥር 1499 ማሊንዲ ሲደርስ በሕይወት የቀሩት ሰዎች ሦስት መርከብ ለመንዳት ስላልበቁ ብዙም ሳይቆዩ ሳኦ ራፋኤል የተባለችውን አቃጠሏት። በዳ ጋማ ስም የሚጠራው የማሊንዲ ዓምድ፣ ከፖርቱጋል በመጣ ድንጋይ የተሠራው መስቀል ከላዩ እንደቆመ፣ ዛሬም ባሕሩን እያየ አለ። አብዛኛው ጎብኚ የአሳሽ ጀግንነት ምልክት ነው ተብሎለት ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እኔ እንደማየው ዓምዱ የሚመሰክረው ለማሊንዲ ሰዎች ዕውቀት ነው፤ መንገዱም፣ መሪውም፣ የመነሻው ወቅትም የእነሱ ነበረ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ይህ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ነው በ1541 ከ400 ያህል ነፍጠኞች ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ ከአፄ ገላውዴዎስ ወገን የተዋጋውና በ1542 ተማርኮ የተገደለው። የሁለቱን አገሮች ታሪክ የሚያገናኘው ክር በዚህ ዓምድ ሥር ስለሚያልፍ ለማሊንዲ ከአንድ ፎቶ የሚበልጥ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

ሞምባሳ ያለው ፎርት ጂሰስም በዚሁ ዓይን ሲታይ ሌላ ነገር ይሆናል። ፖርቱጋሎች ምሽጉን የሠሩት ከ1593 እስከ 1596 ሲሆን ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነበር። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አስጎብኚዎች መድፎቹንና የግንቡን ውፍረት ማሳየት ይወዳሉ፤ ነገር ግን የምሽጉ ትልቁ ታሪክ የመጠበቅ ታሪክ ነው። በመጋቢት 1696 የዖማን ሠራዊት ከበበው፤ ከበባው እስከ ታኅሣሥ 1698 ድረስ ቆየ። ውስጥ የነበሩት ፖርቱጋሎች፣ ሕንዶችና የስዋሂሊ ሰዎች ከሰይፍ ይልቅ በበሽታና በረሃብ አለቁ። ርዳታ የሚመጣው በሕንድ ከነበረችው የፖርቱጋል ግዛት ከጎዋ ነበር፤ ከጎዋ የሚነሣ መርከብ ደግሞ ነፋሱ በፈቀደለት ወቅት ብቻ ነው የሚደርሰው። በ1697 ከመጡት አንዷ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና ምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመች፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ያወጧቸው ዕቃዎቿ አሁን በምሽጉ ቤተ መዘክር ይታያሉ። የመጨረሻው ርዳታ የደረሰው ምሽጉ ከወደቀ ከቀናት በኋላ ነው። ወታደሮች በግድግዳ ላይ የሳሏቸው መርከቦች በዚያው ቤተ መዘክር አሉ፤ የቤተ ክርስቲያንና የሰው ሥዕልም አብሮ አለ። ከምሽጉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ማየት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ እነዚህን ሥዕሎች እመርጥለታለሁ። አድማስ አድማሱን ሲያይ የዋለ ሰው እጅ ስለሚታይባቸው ነው።

የሰላም ጊዜ መጠበቅ ደግሞ መልኩን በቤት አሠራር ላይ ትቷል። በላሙ አሮጌ ከተማ መንገዶቹ ሁለት አህያ ጎን ለጎን እንደልብ የማያሳልፉ ጠባብ ናቸው፤ መኪና አይገባባቸውም። ግድግዳው ከኮራል ድንጋይና ከኖራ፣ ጣሪያው ከማንግሮቭ እንጨት ነው። ከተቀረጹት በሮች ግራና ቀኝ ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ መደብ አለ፤ ባራዛ ይሉታል። ቤተሰቡን ሳያስነሡ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ዋጋ የሚነጋገሩበት፣ ወሬ የሚሰሙበት፣ ጥላው ሲዞር እየተከተሉ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ በግድግዳው ላይ በረድፍ የተቆፈሩ ትንንሽ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች ይገኛሉ፤ ከቻይናና ከፋርስ የመጡ ሳሕኖች ይደረደሩባቸው ነበር። መቀመጫን ከሕንጻው ጋር የሠራ ሕዝብ መቀመጥን ሥራ ፈትነት አድርጎ አላየውም ማለት ነው። ዩኔስኮ ላሙን በ2001 ሲመዘግብ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ሰፈሮች ሁሉ የቆየችውና ይበልጥ ተጠብቃ ያለችው እሷ መሆኗን ጠቅሷል፤ ዋናው ነገር ግን ሰዎች እስከ ዛሬ የሚኖሩባት መሆኗ ነው። ባራዛው ዛሬም ይሠራል። ለጎብኚ የሚሰጠው ትምህርት ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቃል፤ ነገር ግን በግማሽ ቀን የሚያልፍ ሰው አይቀመጥበትም።

ጌዲ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ማንም አይኖርባትም። ከማሊንዲ በስተደቡብ በአራቡኮ ሶኮኬ ደን ዳር፣ ከባሕሩም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብላ ትገኛለች። ከ12ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ሰው ኖሮባታል። ትልቅ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥት፣ ዓምድ ያላቸው መቃብሮች፣ ጉድጓዶችና ሁለት የከተማ ቅጥር አሏት። አንዱ መቃብር በሂጅራ አቆጣጠር 802፣ ማለትም 1399 የሚል ጽሑፍ ስላለበት ሌሎቹን ዘመናት ለመገመት መነሻ ሆኗል። እንግሊዛዊው ጄምስ ከርክማን ከ1948 ጀምሮ ለዓመታት ሲቆፍር ቤቶቹን በተገኘባቸው ዕቃ ጠራቸው፤ የመቀስ ቤት፣ የብረት ኩራዝ ቤት፣ የቻይና ሳንቲም ቤት፣ የዛጎል ቤት። ይህ ስያሜ በጣም ደስ የሚል ነው፤ የነገሥታት ስም በጠፋበት የዕለት ኑሮ ዕቃ ቀርቷልና። ሰዎቹ ከተማዋን ለምን ለቅቀው እንደወጡ አንድ የተቆረጠ መልስ የለም። የውኃው መጠን መሸሹን፣ የወራሪዎችን ጫና፣ የንግዱን መዳከም ምሁራን ይጠቅሳሉ፤ ከትልቁ መስጊድ ደጅ ያለው ጉድጓድ ውኃ ፍለጋ ይበልጥ መቆፈሩም ይታያል። ዩኔስኮ በ2024 መዝግቧታል። ጌዲን ማየት ያለበት ሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ዛፎቹ ጥላ ቢሆኑም ከአራት ሰዓት በኋላ ባለው ወበቅ የደጋ ሰው አሳቡን ይሰበስባል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ካስካዚ በጸናበት ጊዜ፣ ባሕሩ የረጋና የጠራ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ ዋናው ዝናብ ስለሚወርድ ይህን ጊዜ ማለፍ ይሻላል፤ በርካታ የላሙ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ ይነፍሳል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ በአንዳንድ ቦታ የባሕር ሣር ዳርቻው ላይ ይከመራል። ልጆቻችን ከትምህርት የሚያርፉት በዚህ ጊዜ ስለሆነ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚመቸው ኩሲ ነው። ይህ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ኮራሉንና ዓሣውን በጠራ ውኃ ለማየት የተመኘ ግን ያዝናል፤ ፍርስራሾችንና አሮጌ ከተሞችን በእግሩ መዞር የፈለገ ደግሞ ከካስካዚ የተሻለ ጊዜ ያገኛል። በሁዳዴ የሚጓዝ ጾመኛም መቸገር የለበትም። የዳርቻው ምግብ በኮኮናት ወተት የተመሠረተ ነው፤ በኮኮናት የተሠራ የእርግብ አተር፣ ባቄላና ሩዝ፣ ከእነሱም ጋር ሄል ገብቶበት የሚጠበሰው ማሃምሪ የሚባል ሊጥ በየሰፈሩ አለ። ረመዳን ከሆነ ግን በላሙ ቀን ቀን ምግብ ቤት ማግኘት ስለሚያስቸግር አስቀድሞ ማወቅ ለአክብሮትም ለሆድም ይጠቅማል። ወባ በዳርቻው ስላለ መከላከያ መያዝ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር ማድረግ ያስፈልጋል። የኬንያ የመግቢያ ደንብ በ2024 ቪዛን በኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ከተካ ወዲህ ስለተለዋወጠ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማጣራት አይከፋም።

ዕለቱን ደግሞ ባሕሩ ይደልድለው። በዚህ ዳርቻ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት በትልቁ ጊዜ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየቀኑ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይዘገያል። በሽሽቱ ጊዜ ዋና የለም፤ ውኃው ርቆ ይሄዳልና። ይልቅስ ኮራሉ መካከል በቀሩት ኩሬዎች የባሕር ኮከብና ሸርጣን ይታያል። ሲሞላ ይዋኛል፤ በሚዳ ሰርጥ ደግሞ ጀልባ በማንግሮቩ መካከል ይገባል። ስለዚህ በጌዲና በሚዳ አጠገብ ባለችው የባሕር ዳር መንደር በዋታሙ ያረፈ ሰው ባሕሩ የሸሸበት ማለዳ ጌዲን ሲያይ፣ ሲሞላ ይዋኛል፤ በሌላው ቀን ይገለብጠዋል። የዋታሙና የማሊንዲ የባሕር ፓርኮች በ1968 ሲቋቋሙ በአፍሪካ ከቀደሙት መካከል ነበሩ፤ እነሱም ከዚያው ከአንድ ማረፊያ ይደረሳሉ። ማሊንዲ በቅርብ ርቀት አለች። በአንድ ቤት አርፎ ሻንጣ ሳይፈቱ ሳያስሩ የሚዳረስ ይህን ያህል ነገር አለ ማለት ነው።

ዋናው ተቃውሞ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ተቃውሞውም ከባድ ነው። የዓመት ፈቃዳችን አጭር ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ችግር አለብን፣ አንድ ጊዜ ከወጣን መቼ እንደምንመለስ አናውቅም፤ ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ሁለት ቦታ ብቻ አይተን እንመለስ? ይላል ተከራካሪው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ብቻ የሚሠራ ምክር ምክር አይባልም። ነገር ግን ሒሳቡ ራሱ ለእኔ ነው የሚያደላው። ሞምባሳና ማሊንዲ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ከማሊንዲ እስከ ላሙ ያለው ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ሦስቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ማዳረስ የፈለገ ሰው ገንዘቡን ለመኪናና ለበረራ ይከፍላል፤ ቀኑን በመንገድና በመጠበቂያ አዳራሽ ያሳልፋል፤ ቦታው ላይ የሚደርሰውም ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን በሚያደክምበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ቦታ ረግጧል፤ ስንቱን አይቷል? ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሞምባሳ በረራ መኖሩ፣ ከናይሮቢም በ2017 የተከፈተው ባቡር ስድስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ማድረሱ መንገዱን ቢያቀልም ቀትሩን አያቀዘቅዘውም። አነስተኛ በጀት ያለው ሰው በአንድ ቦታ ሲቆይ የማረፊያ ዋጋ መደራደር ይችላል፣ ከሰፈር ገበያ ገዝቶ ያበስላል፣ ቱክቱክንና ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ይለምዳል። ዝግታ የሀብታም ቅንጦት የሚመስለን ብዙ ጊዜ የሩጫን ወጪ ስላልደመርነው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይጠልቃል። መጠበቅ፣ መቀመጥ፣ ባራዛ ብሎ ማወደስ የእነዚያን ቤቶች ባለቤቶች ብቻ ማየት ነው፤ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጀልባው ውስጥ የታጎረው ሰው ምን አረፈ? ይህን ጥያቄ ያላነሣ ጎብኚ የሚያየው የከተማውን ግማሽ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በማሊንዲ ዙሪያ የተስፋፉት የእህልና የኮኮናት እርሻዎች በባሪያ ጉልበት የተሠሩ ነበሩ፤ በኬንያ ዳርቻ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1907 ነው። በጀልባ የታጎሩት ሰዎችም ነፋስ ይጠብቁ ነበር፤ ለእነሱ ግን ካስካዚ ማለፉና ኩሲ መነሣቱ ከአገር መለየት ነበር። ተቃውሞውን ማስተባበል አልችልም፤ ዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ግን ይቻላል። ሞምባሳ ላይ ኒያሊ ውስጥ፣ በ1870ዎቹ ነፃ ለወጡ ባሮች የተመሠረተው የፍሬር ታውን ሰፈር ነበር፤ የባሪያ ነጋዴዎች ሲቃረቡ የሚደወልበት ደወል ማማ እስከ ዛሬ መንገድ ዳር ቆሟል። ፎርት ጂሰስን ያየ ሰው ወደዚያ ቢሻገር ለከተማዪቱ ታሪክ ፍትሕ ይሰጣል። በችኮላ የተሠራ ዕቅድ መጀመሪያ የሚሰርዘው እንዲህ ያለውን ቦታ መሆኑ ለእኔ የሩጫ ጉዞ ትልቁ ጉዳት ነው። ግንቡ ዘላቂ ስለሆነ በማንኛውም ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ የደሀ ታሪክ ግን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካላገኘ አይታይም።

በዚሁ ኒያሊ አጠገብ ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው መቃብርም አለ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት አንኮበር የኖረ ሰው ነበር። ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል ኦሮሞዎችን በደቡብ በኩል ለመድረስ አስቦ በ1844 ሞምባሳ ገባ። ባለቤቱ ሮዚና በዚያው ዓመት ሐምሌ ከወለደቻት ሕፃን ጋር በንዳድ ሞተች፤ ያረፈችውም እዚያ ነው። ክራፕፍ በ1846 ከባልደረባው ሬብማን ጋር ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ በራባይ ሚስዮን አቆመ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት ጻፈ፤ በኋላም የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በማረም ሥራ ተሳተፈ። በሸዋ ተጀምሮ ራባይ ላይ የቀጠለ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ የተመለሰ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ራባይ ትንሽ ቤተ መዘክር አለው። በሆቴሎች የጉብኝት ዝርዝር ላይ ጎልቶ አይወጣም፤ በኢትዮጵያዊ ዝርዝር ላይ ግን ከባሕር ፓርኩ እኩል ቢቀመጥ አይበዛበትም።

ለማረፍ ባሕሩ ብቻውን ይበቃል፣ ፍርስራሽና ቤተ መዘክር ድካም መጨመር ነው የሚሉም አሉ። በሥራ የዛለ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ሆኖም አእምሮ ባዶ ሲሆን አያርፍም፤ የተወውን ሥራ ያመነዥካል። ማለዳ ከጌዲ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ የብረት ኩራዙ ባለቤት ማን ነበር ብሎ ያሰበ ሰው ከሰዓት ባሕሩ ውስጥ ሲገባ የሚያስበው ነገር አለው። ከዚህ በላይ መከራከር አያስፈልግም።

የደኅንነት ጉዳይ ግን ሊታለፍ አይገባም፤ በተለይ ላሙ ሲነሣ። የላሙ አውራጃ ከሶማሊያ ጋር ይዋሰናል። በሰኔ 2014 በዋናው ምድር ላይ ባለችው ምፔኬቶኒ በደረሰው ጥቃት ከ60 ያላነሱ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ ወዲህም በመንገዱ ላይ ጥቃቶች ደርሰዋል። ስለዚህ ስጋት የያዘው ሰው ፈሪ አይደለም። የእኔ መልስ ሁለቱን መለየት ነው፤ ደሴቲቱ አንድ ነገር ናት፣ በዋናው ምድር የሚያልፈው መንገድ ሌላ ነው። ከናይሮቢ ወይም ከማሊንዲ በአውሮፕላን ማንዳ ደሴት ወርዶ በጀልባ ወደ ከተማው መሻገር ይቻላል፤ በመኪና የሚደረገውን ጉዞ ግን ለዕረፍት ለሚሄድ ቤተሰብ አልመክርም። የጉዞ ማስጠንቀቂያዎችንም ከመነሣት በፊት በነበረው ሳምንት ማንበብ እንጂ በዓመቱ መጀመሪያ በሰሙት መርጋት አይበቃም። ይህን ሁሉ አድርጎ ልቡ ያልረጋ ሰው ላሙን ይተዋት፤ በፍርሃት የተያዘ ሰው የትም አያርፍም።

ልቡ ለረጋለት ግን ላሙን አስቀድም የምልበት ምክንያት አለኝ። በመጋቢት 2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች፣ ኪባኪ፣ መለስና ሳልቫ ኪር፣ ሦስቱን አገሮች በወደብ፣ በመንገድና በነዳጅ ቧንቧ የሚያገናኘውን ታላቅ ፕሮጀክት መነሻ ላሙ ላይ አኖሩ። የወደቡ የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። በአቅራቢያው ሊሠራ የነበረው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ደግሞ የአገሬው ሰዎች ተሟግተው በ2019 ፈቃዱ በፍርድ እንዲሰረዝ አድርገዋል። ወደብ ለሌላት አገራችን ይህ ፕሮጀክት ተስፋ ነው፤ ተስፋውንም እጋራለሁ። ከዚያ የሚወጣው ጭነት አንድ ቀን ሞያሌ ሲደርስ የሚጠቀመው የእኛው ሰው ነው። ነገር ግን በሞተር የሚነዳ መርከብ ካስካዚን አይጠብቅም፤ የሚጠብቅ እንግዳ የማይመጣባት ላሙ ባራዛዎቿን ምን እንደምታደርጋቸው ማንም ሊናገር አይችልም። ዓሣ አስጋሪዎቹ ከወደቡ ግንባታ የተነሣ የማስገሪያ ቦታ አጣን ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። በዚህ ወደብ የምንጠቀመው እኛም ስለሆንን ከተማዪቱን እንደ ተራ የመዝናኛ ቦታ ማየት አንችልም፤ ስለ እሷ ማወቅ ያለብን ጎረቤቶች ነን። ስለዚህ ከሕፃናት ጋር ለሚጓዝ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ለሚያይ ሰው ዋታሙን ከጌዲ ጋር እመርጥለታለሁ፤ ብቻውን ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር በጥር ለሚነሣ ደግሞ በዚያ ጉዞ ሌላ ምንም ሳይጨምር ላሙን፣ ከተቻለም ሳምንቱን በሙሉ።